እጀ ቀጭን፦ ዘይቤን ከነቀምቴ እንዴት እንደተማርኩ

ይህ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ሰሞኑን ድሮ ተማሪዬ የነበረች፣ ዛሬ ራሷ የአማርኛ መምህርት የሆነች ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ ልጆቹ ዘይቤ ምን ይሠራልናል እያሉ ያስቸግሩኛል። ለፈተና ነው ከማለት ሌላ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። መልስ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ደግሜ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። በኋላ ገባኝ፤ አንድ የድሮ ጥፋቴን ሳልናዘዝ ይህ ጥያቄ አይመለስም። ስለዚህ ለእሷ ብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልናገረው።

ነቀምቴ የተመደብኩት በ1976 ዓ.ም. ነው። የጎጃም ልጅ ነኝ፤ የባሶ ሊበን። አጎቴ መሪጌታ ነበሩ። በልጅነቴ የቅኔ ተማሪዎች ቤታችን እያደሩ ሲቀኙ፣ ሲነቃቀፉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ሲባል ልቤ ያብጥ ነበር። እንግዲህ ዘይቤን በተመለከተ «እኔ ነኝ ያለ» መምህር ነበርኩ ማለት ነው። ክፍል ገብቼ ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት፣ አያዎ እያልኩ ሰሌዳውን እሞላዋለሁ። ተማሪው ይገለብጣል። በፈተና ይመልሳል። አለቀ።

አንድ ቀን ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ አስተምሬ «እያንዳንዳችሁ አንድ ማመልከቻ ጽፋችሁ አምጡ» አልኩ። ልጆቹ እንደተለመደው የፈጠራ ማመልከቻ አመጡ፤ ሥራ የሚጠይቅ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ በእግሩ እየተመላለሰ የሚማር ዝምተኛ ልጅ፣ ለትምህርት ቤቱ የሚከፈለው መዋጮ እንዲማርለት የሚጠይቅ ማመልከቻ ጻፈ። ምክንያቱንም እንዲህ አለ፦ «አባቴ እጀ ቀጭን ስለሆነ መክፈል አይችልም።»

እኔ ሆዬ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ከጎኑ «ቀጭን እጅና መዋጮ ምን አገናኛቸው?» ብዬ ጻፍኩ። ይህም አልበቃኝ፣ የስህተት ምሳሌ አድርጌ ለክፍሉ አነበብኩት። ልጆቹ ይስቃሉ ብዬ ነበር። አንድም ልጅ አልሳቀም። የሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ያን ዝምታ ዛሬም እሰማዋለሁ።

ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም። በሁለተኛውም አልመጣም። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነገሩን እንደ ቀልድ ሳነሳው፣ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። የሌቃ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። «ጋሼ እንትና» አሉኝ፤ በዕድሜ ልጃቸው ብሆንም ሲያዝኑብኝ ነበር ጋሼ የሚሉኝ። «ልጁ የጻፈው የቤት ሥራ አይደለም፤ እውነተኛ ማመልከቻ ነው። ሃርካ ቀሌሳ ማለት ድሃ ማለት ነው። የአባቱን ድህነት ባወቀው በጨዋ ቋንቋ ነገረህ።»

ሃርካ እጅ ነው። ቀሌሳ ቀጭን ነው። በኦሮምኛ ድሃን እጀ ቀጭን ይሉታል። ልጁ «ድሃ» ብሎ አባቱን ከማዋረድ የቤቱን ቃል ወደ አማርኛ አሻግሮ አመጣልኝ። እኔ ደግሞ ቃሉን ድንበር ላይ ጠብቄ መለስኩት።

አሁን የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? በአማርኛ ገንዘብ ሲያንሰን «እጅ አጠረኝ» እንላለን። ማንም ሰው ክንዱን በሜትር ለክቶ አያውቅም። ቸር ሰው «እጀ ፍቱ» ነው። ሌባ «እጁ አመል አለበት»። የተሸነፈ «እጅ ሰጠ» ይባላል፤ ያከበረ «እጅ ነሳ»። ሌባ ሲሰርቅ የሚያዘው «እጅ ከፍንጅ» ነው፤ ያልተዱቤ ሽያጭ «እጅ በእጅ»። ይህን ሁሉ እጅ በየቀኑ ስንጠቀም ዘይቤ መሆኑን ረስተነዋል። የእኛ እጅ ሲያጥር ሰዋስው፣ የሌላው እጅ ሲቀጥን ስህተት ሆነብኝ። ዘይቤ እንዲህ ነው፤ የራስህ ሲሆን አይታይህም፣ የሰው ሲሆን ዓይንህ ውስጥ ይገባል።

ባልደረባዬ ያን ቀን አንድ ነገር ጨመሩልኝ፤ የዛሬው ጽሑፌ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ዙሪያ ነው። «እናንተ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ትላላችሁ አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «እኛ ደግሞ እንዲህ እንላለን፦ ዱቢን ማማክሳ ህን ቀብኔ፣ ኢቶ ሶጊዳ ህን ቀብኔ።» ምሳሌ የሌለው ንግግር ጨው የሌለው ወጥ ነው ማለታቸው ነው።

ሁለቱ ተረቶች ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ንግግር ያለ ምሳሌ አያምርም ይላሉ። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ግን ይለያያሉ። ብርሌ ዕቃ ነው። ጠጁን ያሳምረዋል፣ ያስከብረዋል፤ ግን ጠጁ ወደ ጣሳ ቢገለበጥም ያው ጠጅ ነው። ጨው ግን ዕቃ አይደለም። ወጡ ውስጥ ገብቶ ይሟሟል። ከገባ በኋላ ለይተህ አታወጣውም። ከሌለ ደግሞ ወጡ በአማርኛችን «እጅ እጅ ይላል»። (እጅ እዚህም መጣ!)

እኔ ያስተማርኩት ዘይቤ የብርሌ ዘይቤ ነበር። ሐሳቡ አንድ ነገር፣ ጌጡ ሌላ ነገር። «ገጣሚው አበባ ሲል ቆንጆ ሴት ማለቱ ነው» ብዬ ብርሌውን ገልብጬ ጠጁን የማሳይ ይመስለኝ ነበር። ነቀምቴ ያስተማረችኝ የጨውን ዘይቤ ነው።

ደግሞ ጨው ስትሰሙ በኪሎ የሚሸጠውን የዛሬውን ጨው አታስቡ። ያ ተረት በተፈጠረበት አገር ጨው ገንዘብ ነበር። አሞሌው ከአፋር የጨው ምድር ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ በትግራይ አልፎ፣ ጎጃም ይደርሳል። የእኔ አገር የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀ ነበር፤ ከአባይ ወዲያና ወዲህ ያለው ነጋዴ የሚገናኝበት። ከዚያ አባይን ተሻግሮ ጉድሩ፣ አሰንዳቦ ገበያ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ሌቃና ወደ ምዕራብ ይዘልቃል። በሄደ ቁጥር ይወደዳል። ከወለጋ በኩል ደግሞ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ቡናው፣ ሰሙ ወደ ሰሜን ይወጣል። እንግዲህ ጨው ዳር አገር ሲደርስ ውድ ነበር። ንግግርን በጨው የመሰለ ሰው ርካሽ ነገር አልጠራም። አያቶቼ ምናልባት ያን ጨው የጫኑ ናቸው፤ እኔ ግን በዚያው መንገድ የሄድኩት ባዶ እጄን ነበር።

ከዓመታት በኋላ የአገሩን ታሪክ ማንበብ ስጀምር፣ ይህ የእኔ ጥያቄ በነቀምቴ ከእኔ በፊት የተጠየቀ መሆኑን አገኘሁ። የጠየቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ኦነሲሞስ ነሲብ እና አስቴር ጋኖ።

ኦነሲሞስ የተወለዱት በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ነው። በልጅነታቸው በባሪያ ፈንጋዮች ተወስደው፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠው፣ ምጽዋ ደረሱ። እዚያ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነጻ አወጣቸው፤ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ በኋላም ስዊድን ድረስ ሄደው ተማሩ። ከዚያ ትልቁን ሥራ ጀመሩ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም።

የሃይማኖቱን ጉዳይ ለባለቤቶቹ ልተወውና የቋንቋውን ልንገራችሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ከዳር እስከ ዳር በዘይቤ የተሞላ ነው፤ እረኛና በግ፣ ወይንና ግንድ፣ ዘርና አጨዳ። ይህን የሚተረጉም ሰው መዝገበ ቃላት ብቻ አይበቃውም። እረኛ ማለት በዚያ ሕዝብ ዘንድ ማን ነው? የተከበረ ነው ወይስ ልጅ የሚላክበት ሥራ? ግንድ ሲባል ዘር ይታሰባል ወይስ ማገዶ? ሌላው ቀርቶ ፈጣሪን ለመጥራት የተወሰደው ዋቃ የሚለው ቃል ራሱ ሰማይም ማለት ነው። አንድ ቃል ሰማዩንም የሰማዩንም ጌታ ይይዛል። ያን ቃል መምረጥ የሕዝቡን ዘይቤ መምረጥ ነው።

ኦነሲሞስ ችግር ነበረባቸው። ከአገራቸው የወጡት ልጅ ሆነው ነው፤ የሽማግሌውን ተረት፣ የእናቶችን እንቆቅልሽ፣ የሠርጉን ዘፈን ጠግበው አልሰሙም። ሰዋስውን ያውቃሉ፤ ጨዉ ግን አልበቃቸውም። ጨዉን ይዛ የመጣችው አስቴር ጋኖ ናት።

አስቴር የሊሙ ልጅ ናት። እሷም በባርነት ተይዛ ነበር። በ1886 እ.ኤ.አ. ወደ ዓረብ አገር ሊሸጧት በጀልባ ሲያሻግሯት የኢጣሊያ መርከብ ጀልባውን ያዘና ነጻ ወጣች፤ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ኦነሲሞስ አገኟት። የቋንቋ ተሰጥኦዋን አይተው የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታሰባስብ አደረጉ። ያ ሥራዋ በ1893 እ.ኤ.አ. የታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለማቃናት ጠቀመ። ከዚያ አልፋ ከትዝታዋ እንቆቅልሹን፣ ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን፣ ዘፈኑን ጻፈች፤ 500 ያህል እንደነበሩ ይነገራል። ብዙዎቹ በ1894 እ.ኤ.አ. «ጀልቀባ በርሲሳ» በተባለው የጀማሪዎች ማንበቢያ ውስጥ ታተሙ። ስሙ የማስተማር መጀመሪያ እንደማለት ነው። የታተመው በእኛው በግዕዝ ፊደል ነው።

እስቲ አስቡት። አንዲት ወጣት ሴት አገሯን፣ ዘመዷን፣ ነጻነቷን ሁሉ ተቀምታ ባሕር ዳር ደረሰች። ያልተቀማችው ነገር ምንድን ነው? ምሳሌዋ። እንቆቅልሿ። ዘይቤ ጌጥ ቢሆን ኖሮ ከጌጡ ሁሉ ጋር አብሮ ይነጠቅ ነበር። እሷ ዘንድ የቀረው ከደሟ ጋር የተዋሐደ ስለነበረ ነው።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ፊደል ለሚቆጥር ልጅ የመጀመሪያ ማንበቢያ ሲያዘጋጁ ከቤቱ የሚያውቀውን ሂቦ (እንቆቅልሽ) ነው ያስገቡለት። እኔ ዘይቤን «ከበድ ያለ ትምህርት» ብዬ ለከፍተኛ ክፍል አስቀምጬው ነበር። እነሱ ግን ከሀ ሁ ጋር አንድ ላይ ሰጡት። ልጅ እንቆቅልሽ የሚፈታው ሰዋስው ከመማሩ በፊት ነውና።

«መፍታት» አልኩ አይደል? ይቺን ቃል ያዙልኝ። በአማርኛ እንቆቅልሽ እንፈታለን፣ ቅኔ እንፈታለን፣ ሕልም እንፈታለን፤ የቃል ትርጉምንም «ፍቺ» እንለዋለን። የታሰረ ነገር አለ፤ ቋጠሮውን ስትፈታ ትርጉሙ ይወጣል። በኦሮምኛም ሂኩ ማለት መፍታት ነው፤ ሂካ ደግሞ ትርጉም፣ ፍቺ። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ትርጉምን በአንድ ዓይነት ዘይቤ አሰቡት። የኦነሲሞስ የልጅነት ስም ማን እንደነበረ ታውቃላችሁ? ሂካ። ታስሮ የተሸጠው ልጅ ስሙ «ፍቺ» ነበር። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ።

ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። በ1904 እ.ኤ.አ. ኦነሲሞስ፣ አስቴርና ባልደረቦቻቸው ነቀምቴ ገቡና ማስተማር ጀመሩ። ኦነሲሞስ በ1931 እ.ኤ.አ. እዚያው ነቀምቴ አረፉ። የትርጉሙ ስም የቀረው በእሳቸው ነው። የአስቴር ስም ሲነሳ የምሰማው ከስንት አንዴ ነው። ጨው እንዲህ ነው መቼም፤ ወጡ ሲመሰገን ስሙ አይጠራም።

ያኔ የነቀምቴ ገዢ ኩምሳ ሞረዳ ነበሩ፤ ክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር። ከቤተ መንግሥታቸው ተርፈው ዛሬ ለታሪክ ጸሐፊዎች ትልቅ ሀብት የሆኑት ደብዳቤዎች የተጻፉት በአማርኛ ነው። የአገሩ አፍ ኦሮምኛ፣ የአገሩ ወረቀት አማርኛ። በሁለቱ መካከል ጸሐፊው ተቀምጧል። አንድ ሽማግሌ በምሳሌ የተናገረው ነገር ወደ ደብዳቤ ሲገባ ምን ያህሉ ጨው ቀርቶ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኔም በእኔ ዘመን ያው ጸሐፊ ነበርኩ፤ ቀይ እስክሪብቶ የያዘ።

«ግን ቅኔስ? ሰምና ወርቅስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ቅኔን አልክድም፤ ያጠባኝ ጡት ነው። ዶናልድ ሌቪን እንኳ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ ባህል ለጻፈው መጽሐፍ ያወጣለት ስም «ሰምና ወርቅ» ነው። ነገር ግን ስሙ የተወሰደው ከአንጥረኛ ቤት መሆኑን እናስታውስ። አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ እሳት ሲያገኝ ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፤ በተወው ባዶ ቦታ ወርቁ ይገባል። እዚህ ላይ ነው እኔ የተሳሳትኩት። በአንጥረኛው ቤት ሰሙ ይጠፋል፤ በቅኔ ቤት ግን አይጠፋም። ጥሩ ቅኔ ወርቁን ካገኘህ በኋላም ሰሙን ደግመህ ታጣጥመዋለህ። ሁለቱ አብረው ሲኖሩ ነው ቅኔ። «ወርቁ ይህ ነው» ብለህ ሰሙን ከጣልከው የቀረህ ተራ ዓረፍተ ነገር ነው። ለካ አጎቴ መሪጌታም የሚያውቁት የጨውን ዘይቤ ነበር፤ ወደ ብርሌ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ወርቁ በአብዛኛው ከወለጋና ከቤኒሻንጉል ወደ መሐል አገር ሲጋዝ እንደነበር ስታስቡት ደግሞ፣ የእኛ ቅኔ ቤት ቋንቋና የወለጋ ወንዝ ያን ያህል አይራራቁም።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይም አይደለም። ጆርጅ ላኮፍና ማርክ ጆንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ተለዋጭ ዘይቤ የገጣሚ ጌጥ ሳይሆን ሰው ሁሉ የሚያስብበት መንገድ ነው ብለው ተከራከሩ። የነቀምቴ ባልደረባዬ ግን ይህን በአንድ የጨው ተረት ነገሩኝ።

እንግዲህ ወደ ተማሪዬ ጥያቄ። ዘይቤ ምን ይሠራል?

አንደኛ፣ የማይባለውን ያስብላል። በወለጋ ገጠር የጃርሱማ ሸንጎ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። ሽማግሌ «አንተ ዋሽተሃል» አይልም። ምሳሌ ያወርዳል። ምሳሌው መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ማንም አልተሰደበም፣ ሁሉም ግን ሰምቷል። ጥፋተኛው ራሱን በራሱ ያገኘዋል፤ ፊቱም አይወድቅም። በጎጃምም ያው ነው። ልጁ «ድሃ» በማለት ፈንታ «እጀ ቀጭን» ሲል ያደረገው ይህንኑ ነው፤ እውነቱን ተናገረ፣ የአባቱንም ክብር ጠበቀ።

ሁለተኛው ግን ያስፈራል። ኦሮሞዎች እንዲህ ይላሉ፦ ማማክስ ቶኮ ቶኮ ዱቢ ፊዳ፣ ቶኮ ቶኮ ዱቢ ፊጣ። አንዳንዱ ምሳሌ ነገር ያመጣል፣ አንዳንዱ ነገር ይጨርሳል። ጨው ከገባ አይወጣም ብያችኋለሁ። መርዝም እንደዚያው ነው። ሰውን «አረም» ብሎ የጠራ አንደበት ሰደበ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አረም ምን ይደረጋል? ይነቀላል። ቃሉ ውስጥ ሥራው አብሮ አለ። ያን ቃል የለመደ ሰው ሲነቅል ግብርና የሚሠራ ይመስለዋል። ሰውን «ጅብ» ያለ ደግሞ ዱላውን አብሮ አቀብሏል። ሩዋንዳ በ1994 እ.ኤ.አ. ሬዲዮው ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ሲጠራ ከረመ፤ ከዚያ የሆነውን ዓለም ያውቃል። እኛም ባለፉት ዓመታት አይተናል። ወለጋ ውስጥ አብረው ቡና የጠጡ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ያሳደገ ኦሮሞና አማራ ጎረቤታሞች ስንት መከራ እንዳዩ እናንተ ልጆቼ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ። ከመካከላችሁ ቤቱ የተቃጠለበት አለ። ወንድሙን የቀበረ አለ። ከጥይቱ በፊት ቃሉ ቀድሞ ነበር። ዘይቤ ተራ ጌጥ የሚመስለው ሰው ይህን አደጋ አያየውም፤ «ንግግር ነው እኮ» ይላል። ንግግር አይደለም። ጨው ነው፤ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ እታለም፣ ለተማሪዎችሽ እንዲህ በያቸው። ዘይቤ የምንማረው የተባለልንንም የተባለብንንም ቃል ለመፍታት ነው። ሰው «አረም» ሲባል ቋጠሮውን ፈትቶ «ቆይ፣ ይሄ እኮ ንቀሉ ማለት ነው» የሚል ልጅ ካወጣሽ፣ ሥራሽን ሠርተሻል። «እጀ ቀጭን» ሲባል ደግሞ የማይስቅ ልጅ ካወጣሽ፣ ከእኔ በልጠሻል።

ዘመኑም ተቀይሯል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች አስነበበ፤ ያኔ በግዕዝ ፊደል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ልጆቹ በቁቤ ይማራሉ። ዛሬ የነቀምቴ ልጅ ማማክሳውን በራሱ ቋንቋ መጽሐፍ ላይ ያነባል። ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ አሁን ደግሞ አንዱ የሌላውን ተረት ሳይሰማ እንዳያድግ። የእኔ ጥፋት በአንድ ቋንቋ ብቻ ብልህ መሆን ነበር። ያ ጥፋት በየትኛውም ፊደል ሊሠራ ይችላል።

የልጁን ነገር ልጨርስ። ከባልደረባዬ ጋር ቅዳሜ ገበያ ላይ አባትየውን አገኘናቸው። ልጁ ጊምቢ አጎቱ ዘንድ መሄዱን ነገሩን። መዋጮውን ልክፈል ብል ባልደረባዬ ክንዴን ያዙኝ፤ «ዛሬ ገንዘብ አታውጣ፤ ይቅርታ ብቻ በል» አሉኝ። በተሰባበረ ኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቅሁ። አባትየው እጄን ጨብጠው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። ቀጭን አልነበረም እጃቸው። የገበሬ እጅ ነው፤ እኔን የሚያክል ሁለት ሰው ያነሳል።

በመንገድ ስንመለስ ባልደረባዬ አንድ ተረት ጣሉልኝ፦ ዹጋን ኒ ቀለቲ መሌ ህን ጨብዱ። እውነት ትቀጥናለች እንጂ አትሰበርም። በአማርኛ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የምንለው አጎራባች ነው። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የሰማሁት «ትቀጥናለች» የሚለውን ነው፤ ያው የልጁ ቃል፣ ያው ቀሌሳ። የእኛ እጅ ሲያጥር አይደርስም፤ ነገሩ እዚያ ያበቃል። የእነሱ እጅ ሲቀጥን ግን ገና አልተሰበረም። በዚያች ቃል ውስጥ ተስፋ ነበረባት። እኔ ነኝ በቀይ ያሰመርኩባት።

አንተ ልጅ፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆነሃል። ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ፣ ዓረፍተ ነገርህ ትክክል ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው።

እናንተም እባካችሁ፣ ከቤታችሁ ይዛችሁ መጥታችሁ መምህር «ስህተት» ያላችሁን አገላለጽ ከታች ጻፉልኝ። በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ በቁቤም ይሁን በፊደል። የእኔ ተማሪ የነበረ ካለ ደግሞ አይፈር፤ ቀዩን እስክሪብቶ ጥዬዋለሁ።

ሰላም ዋሉ።